ዋይፋይ አልደርስ ያለበት ጥግ፦ ከመለካት እስከ ኬብል መዘርጋት

ሳሎን ውስጥ ቪዲዮው ያለ ችግር ይሄዳል። መኝታ ቤት ሲገባ መሽከርከር ይጀምራል። በሩ ሲዘጋ ጭራሽ ይጠፋል። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ጥግ አይጠፋም፤ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል፣ በረንዳው፣ ወይም ፎቅ ላይ ያለው የሥራ ጠረጴዛ።

ያኔ ቶሎ የሚታሰበው ጠንካራ ራውተር መግዛት ነው። ካልሆነም ሶኬት ላይ የሚሰካ ማጠናከሪያ። እኔ ግን ግዢውን ወደ መጨረሻ ግፉት ባይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የራውተሩ አቅም ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቦታ መቀየር ካልፈታው ደግሞ ኬብል ይፈታዋል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ችግሩ የዋይፋዩ መሆኑን አረጋግጡ

ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙና ፍጥነቱን ለኩ። ላፕቶፕ ካላችሁ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ድገሙት። እዚያም ከተንቀራፈፈ ችግሩ ከውጭ የሚገባው መስመር ነው። የቤቱን ዋይፋይ ብታሻሽሉት ብታሻሽሉት ለውጥ አታዩም፤ አቅራቢውን አነጋግሩ።

ቀጥሎ ያንኑ ጥግ በሌላ ስልክ ሞክሩት። አንዱ ስልክ ሲያስቸግር ሌላው ሰላም ከሆነ ጣጣው የመሣሪያው ነው። ሁሉም እዚያው ቦታ ሲደርሱ የሚደክሙ ከሆነ ግን ወደ ሥራው እንግባ።

2. በባር ሳይሆን በቁጥር ለኩ

ስልክ ላይ የሚታዩት የዋይፋይ ባሮች አይታመኑም። አንዱ ስልክ ሦስት ባር የሚያሳይበት ቦታ ላይ ሌላው ሁለት ያሳያል። የሲግናል ጥንካሬ በትክክል የሚለካው ዲቢኤም (dBm) በሚባል መለኪያ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል።

አንድሮይድ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር እያላችሁ ብትፈልጉ ቁጥሩን የሚያሳዩ ነፃ አፖች ታገኛላችሁ። አይፎን ላይ ኤርፖርት ዩቲሊቲ የሚባለውን የአፕል አፕ አውርዱ፤ ከዚያ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የአፑን ስም ፈልጋችሁ የዋይፋይ ስካነሩን አብሩት። ማክ ላይ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የዋይፋዩን ምልክት ብትነኩት ቁጥሩ ይወጣል።

ቁጥሩን እንዲህ አንብቡት፦

- -50 እና ከዚያ የተሻለ (-45፣ -40)፦ በጣም ጥሩ ነው።
- -60 አካባቢ፦ ለማንኛውም ሥራ ይበቃል።
- -67፦ ለቪዲዮ ጥሪ ከዚህ ባይወርድ ይመረጣል።
- ከ-70 እስከ -75፦ መልእክት መላክና ማንበብ ይቻላል፤ ጥሪ ግን መቆራረጥ ይጀምራል።
- ከ-80 በታች፦ ተገናኝቷል ይላል እንጂ ገጹ አይከፈትም።

ከ-60 ወደ -70 መውረድ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በ3 ሲቀንስ (3 ዲቢ ይባላል) የኃይሉ ግማሽ ሄዷል። 10 ሲቀንስ የቀረው አንድ አሥረኛው ነው። 20 ሲቀንስ አንድ መቶኛው።

አሁን ወረቀት ላይ የቤቱን ንድፍ በእጃችሁ ሥሩ። ማማር የለበትም። በየክፍሉ ሁለት ሦስት ቦታ እየቆማችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥሩ ስለሚወዛወዝ እስኪረጋ ጥቂት ሰከንድ ታገሱት። ስልኩንም በአንድ ዓይነት ከፍታ ያዙት። አንድ ነገር ሞክሩ፦ ጀርባችሁን ለራውተሩ ሰጥታችሁ ስልኩን ደረታችሁ ጋ ያዙ። ቁጥሩን እዩ። ከዚያ ባላችሁበት ዙሩና ድጋሚ እዩት። ብዙ ጊዜ ልዩነት ይኖረዋል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ ስትለኩ ፊታችሁን ወደ ራውተሩ አድርጉ።

የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅሙ ወረቀቱን ስታዩት ነው የሚገባችሁ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወረደ ምክንያቱ ርቀት ነው። ከግድግዳው ወዲህ -55፣ ከግድግዳው ወዲያ -73 ካለ ግን ጥፋተኛው ያ ግድግዳ ነው። የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም።

3. መሐል ላይ ምን እንዳለ እዩ

የጂፕሰም ክፍልፋይና የእንጨት በር ብዙም አይጎዱም፤ 3 ወይም 4 ዲቢ ወስደው ያሳልፋሉ። ጡብና ብሎኬት ከዚያ ይብሳሉ። ብረት የበዛበት የኮንክሪት ግድግዳና የፎቅ ሶሌታ ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ብረት ጨርሶ አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። የብረት በር፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መስታወትም ከጀርባው የተቀባው ስስ ብረት ስለሆነ ያው ነው። የመታጠቢያ ቤት አስቸጋሪነት ከዚህ ይመጣል፤ ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ መስታወትና ውሃ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አቅጣጫውን ነው። ሲግናሉ ግድግዳውን ፊት ለፊት ሲያገኘው በአጭሩ ያልፈዋል። በጎን ሲመጣ ግን ውስጥ ለውስጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ከፊሉም ተንጸባርቆ ይመለሳል። ስለዚህ ራውተሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ ሲግናሉ በግድግዳው ሳይሆን በበሩ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

4. ራውተሩን አንቀሳቅሱት

ራውተሩ አሁን ያለበትን ቦታ ማን መረጠው? ብዙ ጊዜ መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ነው። እሱ ደግሞ የመረጠው ኬብሉ የሚገባበትን ቅርብ ጥግ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ራውተር ከሲግናሉ ብዙውን ወደ ውጭ ይረጨዋል።

ወደ ቤቱ መሐል አምጡት። ከወለል አንሡት፤ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ከሶፋና ከጠረጴዛ በላይ ያያል። ከቁም ሳጥን ውስጥ አውጡት። ከቴሌቪዥን ጀርባም አውጡት። አያምርም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው አያምርም። ግን ተደብቆ የሚሠራ ዕቃ አይደለም።

ኬብሉ አጭር ነው ካላችሁ የሚረዝመው የትኛው እንደሆነ ለዩ። የፋይበር መስመር ከሆነና ፋይበሩ የሚገባበት ሣጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን የኢተርኔት (Ethernet) ኬብል በረጅም ቀይሩት። ይህ ቀላሉ ነው። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ግን እናንተ አትንኩት፤ ውስጡ ብርጭቆ ስለሆነ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ መስመሩ ይበላሻል። ሁለቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ከሆኑ እሱን እዚያው ተዉትና ወደ ስድስተኛው ደረጃ እለፉ።

አንቴናውስ? ብዙ ሰው ጫፉን ወደ ክፍሉ አነጣጥሮ ያስተኛዋል። ሥራው ግን በተቃራኒው ነው። ሲግናሉ የሚወጣው ከአንቴናው ጎን ወደ ዙሪያው ነው፤ በጫፉ በኩል ደካማ ነው። አንድ ወለል ላለው ቤት ሁሉንም ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ፎቅ ላለው ቤት አንዱን አጋድሙትና ላይኛው ወለል ምን እንደሚል ለኩ።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ወደዚያ ጥግ ሂዱና ቁጥሩን ጻፉ። ሁለት ነገር በአንዴ አትቀይሩ፤ የትኛው እንደጠቀመ አታውቁም።

5. ሴቲንጉን አስተካክሉ

በብራውዘር ወደ ራውተሩ ግቡ። አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የመግቢያ ፓስወርዱም እዚያው አለ። እስካሁን ካልቀየራችሁት አሁን ቀይሩት።

መጀመሪያ ባንዱን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሞገድ ክልል፣ እዩ። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ራውተሮች ቢያንስ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ በማለፍም ይሻላል፤ ፍጥነቱ ግን ያንሳል። 5 ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲበዛ ቶሎ ይደክማል። አንዳንድ አዳዲስ ራውተሮች ያላቸው 6 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከ5ም ያነሰ ይደርሳል። ለሩቁ ጥግ 2.4 ይሁን። ሁለቱ ባንዶች በአንድ ስም ከሆኑና ስልካችሁ እዚያ ጥግ ላይ የሞተውን 5 ሙጥኝ ብሎ ከያዘ ስማቸውን ለዩት፤ የፈለጋችሁትን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ቻናል (ባንዱ የተከፋፈለበት መስመር) ላይ ነገሩ አጭር ነው። በ2.4 እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤት ዋይፋይ ያልበዛበትን አንዱን ምረጡ፤ የለካችሁበት አፕ ያሳያችኋል። በመሐል ያለ ቻናል፣ ለምሳሌ 3፣ ብልህነት ይመስላል፤ ግን ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል። ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉ። በ5 ጊጋኸርዝ ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች ከጣጣ ነፃ ናቸው። ከ52 እስከ 144 ያሉትን ራዳርም ይጠቀምባቸዋል፤ ራውተሩ የራዳር ምልክት ከሰማ ቻናሉን ለቆ መውጣት ግዴታው ነው። ዋይፋዩ ያለምክንያት ብልጭ ብሎ ከጠፋና ከተመለሰ ይህንንም ጠርጥሩ።

የሴኪዩሪቲውን ዓይነት ደብሊውፒኤ2 (WPA2) ወይም ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ላይ አድርጉ። ጊዜ ያለፈበት ዌፕ (WEP) ወይም ቲኪፕ (TKIP) ላይ ከተተወ በቀላሉ መሰበሩ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም ከ54 ሜጋቢት በሰከንድ እንዳያልፍ ያስረዋል። የራውተሩ ውስጣዊ ሶፍትዌር (ፈርምዌር)ም አዲስ ካለው ይታደስ።

የማስተላለፊያ ኃይል የሚል ምርጫ ካለ ዝቅ ተደርጎ እንደሆነ ከፍ አድርጉት። ብዙ ግን አትጠብቁ። ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ ጮክ ብሎ ስልኩ ቢሰማው እንኳ የስልኩ ድምፅ ትንሽ ነው፤ መልሱ ራውተሩ ጋ ካልደረሰ ነገሩ አይሠራም። "ሙሉ ባር እያሳየ ኢንተርኔት የለም" ከሚባሉት ቅሬታዎች አንዳንዶቹ ከዚህ ይመጣሉ። ኃይለኛ ነው የሚባል ራውተር ሁሉ ተአምር የማይሠራውም ለዚሁ ነው።

በመንገዳችሁ ራውተሩ አጠገብ ያለውንም እዩ። ማይክሮዌቭ ምግብ ሲያሞቅ 2.4ን ይረብሻል፤ ሲጠፋ ይተዋል። ከራውተሩ ጋር የተጣበቀ የዩኤስቢ 3 ሀርድ ዲስክም ያንኑ ባንድ ያውካል። ራቅ አድርጉት።

6. አሮጌ ራውተር ካለ በኬብል አክሰስ ፖይንት አድርጉት

ከመመሪያው ሁሉ ሥራ የሚበዛበት እዚህ ነው። ውጤት የሚበዛበትም እዚሁ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ራውተር አለ? አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣለትን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚረጭ ጣቢያ፣ ሆኖ ያን ሟች ጥግ በሙሉ ፍጥነት ሊያስነሣው ይችላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ኢንተርኔቱ ግድግዳውን በአየር ሳይሆን በኬብል ይለፍ፤ ዋይፋዩ እዚያው ክፍል ውስጥ ይመንጭ።

ለዚህ ካት5ኢ (Cat5e) ወይም ካት6 (Cat6) የሚባል የኢተርኔት ኬብል ያስፈልጋል። እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋቢት በሰከንድ ያለችግር ያደርሳሉ። ንጹሕ መዳብ የሆነውን ምረጡ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ይሸጣል፣ እሱ በቀላሉ ይሰበራል። በግድግዳው ሥር አስጠግታችሁ አስኪዱት። በር ሥር ሲያልፍ በሩ እንዳይጨፈልቀው ተጠንቀቁ፤ ለዚያ ቦታ ጠፍጣፋው ዓይነት ይመቻል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር አጣምራችሁ አትዘርጉት።

ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት አሮጌውን ራውተር ለብቻው አዘጋጁት።

ሀ. ከኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በስፒል ተጭናችሁ መብራቶቹ እስኪቀያየሩ ያዙ። ብዙውን ጊዜ አሥር ሰከንድ ይበቃል።

ለ. ላፕቶፑን በኬብል ከእሱ ጋር ብቻ አገናኙና ወደ ሴቲንጉ ግቡ። አክሰስ ፖይንት ሞድ የሚል ምርጫ ካለው ዕድለኛ ናችሁ። እሱን ምረጡና በሠ እና በረ ላይ ያለውን ዝለሉ፤ ኬብሉን የት እንደምትሰኩም ራሱ ይነግራችኋል።

ሐ. የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርድና የሴኪዩሪቲ ዓይነት ከዋናው ራውተር ጋር አንድ አድርጉ። ስልኩ ከክፍል ክፍል ሲሄድ ድጋሚ ፓስወርድ አይጠይቅም።

መ. ቻናሉን ግን ለዩት። ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይህ 6 ወይም 11 ላይ ይሁን።

ሠ. የራሱን አድራሻ ቀይሩ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 በሉት። ዋናው ለስልኮች ከሚያድለው የአድራሻ ክልል ውጭ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለምሳሌ የመጨረሻውን ቁጥር ከ100 ጀምሮ የሚያድል ከሆነ 2 ነፃ ነው። ከዚያ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡ።

ረ. ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚለውን፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፉ። ይህ ከተረሳ ሁለት ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምራሉ። ግማሹ ስልክ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፤ ማን ምን እንደነካ ሳይታወቅ ቤቱ ይተራመሳል።

ሰ. አሁን ኬብሉን ስኩ። ከዋናው ላን (LAN) ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ። ለብቻው ቀለም የተቀባውን፣ ዋን (WAN) ወይም ኢንተርኔት የሚል የተጻፈበትን ቀዳዳ ባዶውን ተዉት።

ከዚያ ጥጉ ላይ ቁሙና ለኩ። -75 የነበረው -45 ሲሆን ደስ ይላል።

አንድ ጣጣ ይቀራል። ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ጊዜ የሚወስነው ስልኩ ነው። አንዳንድ ስልክ የደከመውን ሳሎን ያለውን ሲግናል አልለቅም ይላል። የሁለቱን ማስተላለፊያ ኃይል ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ክልላቸው ሲጠብ ስልኩ ቶሎ ይለቃል።

7. ኬብል በፍጹም የማይቻል ከሆነ

ሦስት ምርጫ አለ።

በመብራት መስመር በኩል የሚያስተላልፍ ፓወርላይን የሚባል ጥንድ መሣሪያ አለ። አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ሟቹ ክፍል ውስጥ ሶኬት ላይ ይሰካል። ወፍራም ግድግዳ ላለበት ቤት መልካም ነው። ሁለቱም በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰኩ፤ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ ፍጥነታቸው ይሞታል። ውጤቱ በቤቱ የመብራት ዝርጋታ ላይ ስለሚወሰን ከተቻለ ሞክራችሁ የምትመልሱበትን ሻጭ ምረጡ።

ሁለተኛው ሪፒተር ነው። ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ ይረጫል። ንግግር እየሰማ ለሩቁ ሰው እንደሚደግም ሰው ነው፤ እየሰማ መናገር ስለማይችል በአንድ ባንድ የሚሠራው ዓይነት ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሁለት ባንድ ያለውና በአንዱ ተቀብሎ በሌላው የሚያስተላልፈው ይሻላል። ትልቁ ስሕተት አቀማመጡ ላይ ነው። ሰው ወስዶ ሟቹ ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። እዚያ እሱ ራሱ ምን ሰምቶ ይድገም? ወረቀታችሁን አውጡና ቁጥሩ ከ-60 እስከ -65 የሆነበትን፣ ለሟቹ ክፍል የሚቀርበውን ሶኬት ፈልጉ። ቦታው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ሜሽ ነው፤ አብረው አንድ ዋይፋይ የሚረጩ ጣቢያዎች ስብስብ ማለት ነው። ብዙ ክፍል ወይም ብዙ ወለል ላለው ቤት፣ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ሟች ጥግ ሲኖር ይመከራል። ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ተናብበው ስለሚሠሩ ሽግግሩ ይለሰልሳል። ግን ሜሽ ስለተባለ ፊዚክስ አይለወጥለትም፤ ጣቢያዎቹም እርስ በርስ መሰማማት አለባቸው። የሪፒተሩ ቁጥር፣ ከ-60 እስከ -65፣ እዚህም ይሠራል። አንዱን ጣቢያ እንኳ በኬብል ማገናኘት ከቻላችሁ አድርጉት። ሜሹ ሥራ ሲጀምር የቀድሞውን ራውተር ዋይፋይ አጥፉት፤ ካልጠፋ ሁለቱ በአንድ አየር ላይ ይሻማሉ። ብዛቱንም አታጋንኑ። በሁለት ጣቢያ የሚሸፈን ቤት ውስጥ አራት ቢተከል ረብሻ እንጂ ፍጥነት አይጨምርም።

የአሉሚኒየም ፎይል ነገር ደጋግሞ ይነሣል። ከራውተሩ ጀርባ የተደረገ ብረት ሲግናሉን ወደ ፊት እንደሚመልስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ቅርጹ በስሌት የወጣና በብረት የተሸፈነ ማንጸባረቂያ ሠርተው ይህንኑ አሳይተዋል። ግን ኃይል አይጨምርም፤ ከአንዱ ወገን ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ራውተራችሁ የውጭ ግድግዳ ሥር ከሆነና ከጀርባው ማንም የማይጠቀም ከሆነ ሞክሩት፣ ምንም አታጡም። "ሶኬት ላይ ሰክተህ ፍጥነትህን በሦስት እጥፍ" እየተባለ የሚተዋወቀውን ትንሽ ሣጥን ግን እለፉት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ተራ ሪፒተር ነው።

8. ድጋሚ ለኩና ጻፉት

በዚያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው ቦታ ቆማችሁ፣ በሌላ ቀለም አዲሱን ቁጥር ጻፉ። የምትጠቀሙበት ቦታ ሁሉ -67 ወይም የተሻለ ካሳየ እዚያው አቁሙ። ማንም የማይቀመጥበትን የዕቃ ቤት -50 ለማድረግ መድከም ትርፉ ድካም ነው።

አሮጌውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ካደረጋችሁት አዲሱን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2ን፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሥሩ ለጥፉት። ከዓመት በኋላ ፓስወርድ መቀየር ስትፈልጉ ፋብሪካው የለጠፈው አድራሻ ወደ እሱ አያስገባችሁም።